ደብዛዛው ገጽ ወደ ወረቀቱ

ይህን የምጽፈው በትዝታዬ ብቻ ተማምኜ አይደለም። በትዝታዬ ላይ የነበረኝ እምነት ድሮም ጠንካራ አልነበረም፤ ከምተርከው ጉዳይ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ሳስቷል። ስለዚህ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በእነዚያ ሁለት ቀናት በእርሳስ የሞላችውን የመስክ ማስታወሻ ተውሼ ከፊቴ ዘርግቻለሁ። የእርሷ ጽሑፍና የእኔ ትዝታ ባልተስማሙበት ቦታ ሁሉ የእርሷን መርጫለሁ።

በፍኖተ ሰላም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሥነ ሕይወት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በከፍተኛ ትምህርት ያጠናሁት ዕፅዋትን ነበር፤ ወፎችን የወደድኩት ኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ብር ሸለቆ ስወርድ፣ ዛፉን ለማየት ቀና ባልኩ ቁጥር ዛፉ ላይ ያለውን ሳላይ መመለስ ስላልቻልኩ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ አንድ ካሜራ በስጦታ ባገኘ ጊዜ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ የነበረችውን ዕቃ ቤት መስኮቷን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን ጨለማ ክፍል አደረግናት። እዚያ ተማሪዎቼን ፊልም ማጠብና ማተም አስተማርኳቸው።

ዛሬ ሁሉም ሰው በስልኩ ስለሚያነሣ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የታጠበ ፊልም ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ሲታተም ደብዛዛው ገጽ ወደ ወረቀቱ መዞር አለበት። ካልዞረ ሥዕሉ መስታወት ውስጥ እንደታየ ሁሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ይህን ሕግ ለተማሪዎቼ እንደ ጸሎት አስጠንቻቸው ነበር። እኔ «ደብዛዛው ገጽ» እላለሁ፤ እነርሱ በጨለማው ውስጥ በአንድ ድምፅ «ወደ ወረቀቱ» ይላሉ።

በመስክም አንድ ሕግ ነበረኝ፦ ያየኸውን ሳትጽፍ መጽሐፍ አትግለጥ። ወፍ ያየ ሰው ማስታወሻውን ትቶ ቀድሞ የወፎችን መጽሐፍ ከገለጠ፣ ዓይኑ ያላየውን ቀለም ሁሉ አየሁ ይላል። በቅንነት ነው የሚለው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ ሁለቱንም ሕግ ይዛ ቀረች። ዛሬ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት አላት። የመታወቂያ ፎቶ ታነሣለች፣ ሠርግ ትሄዳለች፣ የተረፋትን ቀን ደግሞ ወፍ፣ አበባና ጉሬዛ ለማየት የሚመጡ መንገደኞችን ታስጎበኛለች። በፎቶ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሙሽሮችና ወፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንድ ቀን ከቋሪት የመጡ አዛውንት ተራቸውን ሲጠብቁ ግድግዳውን ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ እነዚህም ለመታወቂያ ነው የተነሡት?» ብለው ጠየቋት። «አዎ አባቴ፣ ክንፋቸውን አጥፉ ብላቸው እንቢ አሉ እንጂ» አለቻቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የእኔንም ጆሮዬን አታሳጥሪው» አሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኔ ቤት ግድግዳ ነው። ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ በላይ ራሴ አንሥቼ ራሴ ያተምኩት ጥቁርና ነጭ ሥዕል ተሰቅሎ ኖሯል። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ በታች፣ ወደ ፈጣም በምትወርድ አንዲት ጠባብ ጅረት ዳር የተነሣ ነው። ካሜራው ወደ ጅረቷ ላይኛ ወገን ይመለከታል። መካከል ላይ ትንሽ ፏፏቴ አለች፤ ከፊቷ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የአጥቢያው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። በሥዕሉ ቀኝ በኩል ቀጥ ያለ የአፈር ገደል አለ፤ በገደሉ ውስጥም ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ትታያለች። ቀዳዳዋ የዓሣ አጥማጅ ወፍ ጎጆ ናት። በግራ በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል።

ወፏ በመንገድ ዳር ከምናያቸው ዓሣ አጥማጆች የተለየች ናት። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ መንቁሯ ጥቁር ነው፤ በአንገቷ ዙሪያ ከኋላ የሚመጣው ሰማያዊ ቀለም ፊት ለፊት ሳይገናኝ ጉሮሮዋ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ለተማሪዎቼ «ባለ ግማሽ ማተብ» ብዬ ሰይሜላቸው ነበር። ጥርት ያለ፣ የሚፈስ፣ ዛፍ ያጠላበት ውኃ ካላገኘች አትኖርም፤ በዚህ ምክንያት ጥቂት ናት። የዚያን ዕለት የጻፍኩትን ማስታወሻ ምስጥ በልቶታል። የቀረኝ ሥዕሉ ብቻ ነበር፤ በየቀኑ አየው ነበር። በየቀኑ ማየቴ ትዝታዬን ያጸናልኝ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንዱ ዓመት፣ በመስከረም፣ ከአዲስ አበባ አንድ የጉዞ ኃላፊ ወደ ፎቶ ቤቷ መጣ። በየዓመቱ የተፈጥሮ ተጓዦችን ይዞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ ወጣት ነው። ፍኖተ ሰላም ለእርሱ ምሳ የሚበላባት ከተማ ነበረች። በዚያን ዕለት ምሳው ዘግይቶበት በከተማው ሲዘዋወር የግድግዳዋን ወፎች በመስኮት አይቶ ገባ። እኔም በአጋጣሚ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«ቆንጆ ነው፣ በጣም» አላት። «ግን ሐቁን ልንገርሽ፤ እኔ ዝም ብዬ ሰው አላቆምም። ባሕር ዳር ሐይቅ አለ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። እዚህ ምን አለ?»

«እዚህ እኔ አለሁ» አለችው።

ሣቀ፤ እርሷ ግን አልሣቀችም። ከዚያ ስለ ባለ ግማሽ ማተቧ ነገረችው። እርሱም ውሉን ወዲያው አስቀመጠ። በጥቅምት መጨረሻ ስድስት ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቀን ይሰጣታል። ወፏን ካሳየቻቸው በየዓመቱ በጉዞው መርሐ ግብር ውስጥ የእኛ አገር ሁለት ቀን ይኖረዋል፤ አስጎብኚዋም እርሷ ትሆናለች። ካላሳየቻቸው ሚኒባሱ እንደ ቀድሞው ለምሳ ብቻ ይቆማል። ይህን ነገር ለስንት ዓመት እንደጠበቀችው እኔ አውቃለሁ፤ ሌሎች አስጎብኚዎች አገራችንን በመስኮት እያሳዩ ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆማ አይታለች።

እርሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ አሁንም እዚያ ያሉ ይመስልዎታል?»

«አሉ አልልም። ሊኖሩ ይችላሉ እላለሁ። ገደሉ ካልተናደ፣ ውኃው ካልደፈረሰ፣ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ይቆፍራሉ።»

«ገደሉንስ ያስታውሱታል?»

«እርሱን አስታውሰዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እርሳሷን አስቀምጣ አየችኝ። «ይህን ቃል ከእርስዎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። በማስታወሻዋ ላይ ያን ቀን የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «መምህር እርግጠኛ ነኝ አሉ።»

በጥቅምት መጨረሻ ከቡሬ ተነሥተን የሽንዲን መንገድ ያዝን፤ ከዚያም መኪናውን ትተን በእግር ወረድን። ኑጉ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ጤፉ ገና አልታጨደም። በዕድሜዬ ምክንያት ከኋላ እሄድ ስለ ነበር፣ ተማሪዬ ሰው ስትመራ በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ድምፅ ሳታወጣ በእጇ ብቻ ታዛለች። ስትቆም ሁልጊዜ ፀሐይን ከተጓዦቹ ጀርባ አድርጋ ነው። አንድ ግንደ ቆርቁር ግራር ላይ ሲያንኳኳ አቆመቻቸውና፣ ከስድስቱ አንዱ መጽሐፉን ከቦርሳው ሲያወጣ እጇን መጽሐፉ ላይ አድርጋ እርሳስ ሰጠችው። የራሴን ሕግ በሌላ ሰው እጅ ስመለከት፣ አልደብቅም፣ ደረቴ ሞላ።

አንድ ገበሬ ከማሳው ቀና ብሎ ዘጠኛችንንም ባይኖኩላራችንን በአንገታችን እንዳንጠለጠልን አየን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋን፤ ወፍ ልናይ ነው» አለችው።

«ወፍ? እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ ከማሽላው ስናባርር ነው የምንውል። ካጣችሁ ተመለሱና ከእኛ ውሰዱ።»

«ስንመለስ እናይሃለን።»

«ኧረ ከነድምፃቸው እሰጣችኋለሁ» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ጅረቷ አልደረቀችም፣ አልደፈረሰችም። ፏፏቴዋ አለች፤ ጠፍጣፋው ድንጋይም አለ። ሽቅብ ወደ ፏፏቴዋ ፊቴን መልሼ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። በግራዬም በቀኜም የአፈር ገደል ነበር፤ ሁለቱም ቁጥቋጦ ለብሰዋል። በሥዕሉ ቀኝ እንደ ነበረ ቀኙን አሳየሁ። «ጎጆው እዚያ ነው። እኛ በግራው ገደል አናት ላይ ሆነን እንጠብቅ፤ ፊት ለፊት ይታያል» አልኩ።

ተማሪዬ በቀኝ በኩል የቆመ አንድ ትልቅ ሾላ አሳየችኝ።

«መምህር፣ በሥዕሉ ላይ ሾላው በግራ በኩል አልነበረም?»

«ነበረ። እርሱ በጎርፍ ወድቋል ማለት ነው። ይህ ሌላ ነው።»

«ይህ ግን ከእኔ ዕድሜ አይበልጥም?»

ያኔ የሰጠኋትን መልስ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይሞቃል። ሾላ ውኃ ዳር ሲሆን እንዴት ቶሎ እንደሚወፍር፣ የግንድ ውፍረት ስለ ዕድሜ ስለሚያሳስትበት ሁኔታ፣ ተጓዦቹ እየሰሙ፣ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። የተናገርኩት ሁሉ በጠቅላላው እውነት ነበር። ስለዚያ ሾላ ግን እውነት አልነበረም። ዕፅዋት ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ከሰባ ዓመት ያላነሰ ዛፍ ዓይኔ እያየ፣ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሥዕል እንዳይሳሳት ብዬ ዛፉን በሃያ ዓመት አሳደግኩት። እርሷም «እሺ መምህር» አለች። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ በሰው ፊት ነበርና።

በግራው ገደል አናት ላይ አረንጓዴ ጨርቅና ቅርንጫፍ አድርገን ዳስ ሠራን። ስድስቱ ተጓዦች፣ ኃላፊውና እኛ ሁለታችን ገብተን ተቀመጥን። የካሜራ ሌንሶች ሁሉ ወደ ቀኙ ገደል ዞሩ። ረፋዱ አለፈ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነገር ከታች ወደ ላይ ተወርውራ መጣች፤ ዳሱ አጠገብ ስትደርስ ቀጭን ድምፅ አሰምታ ተመለሰች። ሁላችንም አየናት፣ ማንም አላነሣትም። ከዚያ ደግሞ መጣች፤ ደግሞ ተመለሰች። በአፏ ዓሣ እንደ ያዘች ተማሪዬ ጽፋለች። እኔ ዓሣውን ማየቴን አላስታውስም።

ከቀትር በኋላ የጉዞው ኃላፊ ወደ እርሷ ዘንበል ብሎ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እኔ ግን ሰማሁት።

«ያው የምታልፍ ወፍ ናት እንጂ ጎጆ የለም፣ አይደል?»

«ጎጆ ባይኖር ዓሣ ይዛ አትመለስም ነበር።»

«እኔ የማውቀው ሰዎቼ አለማየታቸውን ነው። ነገ እስከ ረፋድ ነው ያለን።»

«አውቃለሁ» አለች።

በዚያ ሰዓት ከላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያው ቄስ ወረዱ። በሥዕሉ ላይ ያሉት አይደሉም፤ እርሳቸው ካረፉ ቆይቷል፤ እኚህ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የነበሩ ናቸው። እኔና ተማሪዬ ከዳሱ ወጥተን ተሳለምናቸው።

«ከጧት ጀምሬ ከላይ ሆኜ አያችኋለሁ» አሉ። «እኛ እንኳ በሱባዔ ጊዜ እንዲህ ዝም አንልም። አፈር ነው የምታዩት?»

«ከአፈሩ ውስጥ የሚወጣ እየጠበቅን ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«እርሱንስ እኛም እንጠብቃለን» አሉና መስቀላቸውን አወጡ።

ተማሪዬ ዝቅ ብላ መስቀሉን ስትሳለም፣ ከሳመችው በኋላ ቀና አላለችም። ቄሱ ጥቂት ታገሡና ጠየቁ።

«ልጄ፣ መስቀሉ ዝገት አለበት እንዴ?»

«የለም አባ። እጅዎን ነው የማየው።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ቀኝ ነው።»

«ታዲያ በየትኛው ልባርክሽ ኖሯል?»

ከዚያ ወደ እኔ መጣች፤ ክንዴን ይዛ ከሰዎቹ ራቅ አድርጋ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ወሰደችኝ። ሰው ሲያየን አዛውንት የምትደግፍ ነበር የምትመስል።

«መምህር፣ ያን ሥዕል ይዘውት ይሆን?»

ይዤው ነበር። በፖስታ ውስጥ፣ በመጽሐፌ መካከል። አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

«እኔ ዓይኔ ደከመ፤ ቀኑን ሙሉ በሌንስ ሳይ ነው የዋልኩ። እርስዎ ይዩልኝ። እኚያ ቄስ መስቀሉን እንዴት እንደ ያዙት ይንገሩኝ።»

አየሁ። በየቀኑ ያየሁትን ሥዕል ያን ቀን አየሁት። ቄሱ መስቀሉን የያዙት በግራ እጃቸው ነበር። በግራ እጁ መስቀል ይዞ ሕዝብ የሚባርክ ካህን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ማንም አላየም።

ሥዕሉን ዝቅ አደረግኩት።

«ደብዛዛው ገጽ» አልኩ።

«ወደ ወረቀቱ» አለች።

ያን ሕግ ስንት ልጆችን ያስተማርኩት እኔ፣ ያን አንድ ፊልም በማተሚያ መሣሪያው ውስጥ ገልብጬ አስገብቼው ነበር። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ታትሟል። እኔም ከዓመት ዓመት እያየሁት፣ ጅረቷን በውስጤ ገልብጬ እንደገና ሠርቻታለሁ። ሳትጽፍ መጽሐፍ አትግለጥ ስል የኖርኩ ሰው፣ ግድግዳዬ ላይ መጽሐፍ ገልጬ ሰቅዬ ኖሬያለሁ። ቀና ስል ሾላው በቀኝ ቆሟል፤ ከጥንትም የቆመው እዚያው ነበር። እንግዲያው ገደሉ ግራው ነው። ግራው ገደል ደግሞ ዘጠኝ ሰው ከጧት ጀምሮ የተቀመጠበት ነበር።

ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ዳሱ ዞርን። እርሷ አልሮጠችም። ቀስ ብላ ሄዳ ጨርቁን ገልጣ «ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ ዕቃ አትጎትቱ፤ ተራ በተራ ወደ ኋላ» አለች። ሁሉም ከገደሉ አናት ርቀው እስኪቆሙ ድረስ ምንም ማብራሪያ አልሰጠችም። ወፎቹን አስቀደመች፤ እኔ ብሆን ማብራሪያውን አስቀድም ነበር።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ኃላፊው።

«ቦታ እንቀይራለን» አለች። «ብርሃኑ ከወዲያ…»

ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። ስለ ብርሃን ልታወራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ኖሮ ስሕተቱ የማንም ሳይሆን፣ የፀሐይ ሆኖ ይቀር ነበር። ቃሏን አቋረጥኩ፤ ሴት ልጅም ሆነ ወንድ፣ ተማሪን ማቋረጥ የማልወድ ሰው ነኝ።

«ብርሃኑ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።» ሥዕሉን ለተጓዦቹ እያሳየሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፦ ፊልሙን፣ ግድግዳውን፣ ሾላውን። ስለ ሾላው የሰጠሁትን ማብራሪያም መልሼ ወሰድኩት።

ኃላፊው ሥዕሉን ይዞ ቆየ። «ቆይ፣ ማለት… ቀኑን ሙሉ ወፏ ላይ ተቀምጠን ነው የዋልነው?»

«ላይዋ አይባልም» አልኩት። «በመካከል አንድ ክንድ ያህል አፈር አለ።»

ከተጓዦቹ አንዷ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች አዛውንት ሐኪም፣ መሣቅ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቄሱ ሥዕሉን ተቀብለው ዓይናቸውን አጠበቡና «የእኔታ ናቸው» አሉ። ቀጥለውም «በሕይወት ቢኖሩ ለእርስዎ ስግደት ያዝዙዎት ነበር። አርባ ዓመት በቀኛቸው ባርከው በመጨረሻ ግራኝ አደረጓቸው» አሉኝ። ስግደቱን እንደምቀበል ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ጧት በቀኙ ገደል በኩል፣ ከሾላው ሥር፣ ከትናንቱ እጥፍ ያህል ራቅ አድርጋ ዳሱን አቆመችው። ከዚያ ፊት ለፊት በግራው ገደል ላይ፣ ከቁጥቋጦው በታች፣ ቀዳዳዋ በግልጽ ታየች። ከቀዳዳዋ አፍ ሥር ነጭ የወፍ ኩስ ፈስሶ ነበር፤ ጫጩቶች አሉ ማለት ነው። ተማሪዬ ይህን አየችና ወደ ሰዎቹ ዞራ «ሃያ ደቂቃ ነው» አለች።

ኃላፊው የሰማውን ያመነ አልመሰለም። «ሃያ ደቂቃ? እስከ አራት ሰዓት አለን እኮ።»

«ትናንት ቀን ሙሉ ወስደንባቸዋል። ጫጩቶቹ መመገባቸውን አላውቅም። ዛሬ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡ አላያችሁም።»

«ውላችንስ?»

«እርሱን በመስከረም የመጣህ ጊዜ ተነጋግረንበታል» አለች። «እዚህ እኔ አለሁ ብዬህ ነበር። እኔ ካለሁ ሃያ ደቂቃ ነው።»

በዚያ ሰዓት ምን ያህል ነገር ከእጇ ሊወጣ እንደሚችል ከእርሷ በቀር የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወደዚያ ያደረሳትም የእኔ እርግጠኝነት ነው። ሰዓቴን አወለቅኩና ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ምንም አልነበረም። የውኃ ድምፅ፣ ከላይ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኗ ዛፎች የጉሬዛ ድምፅ። በአሥራ ሁለተኛው ወፏ መጣች። ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት ከውኃው ብቅ ባለ ሥር ላይ አረፈች፤ በአፏ ትንሽ ዓሣ ነበር፣ ራሱ ወደ ፊት። አንገቷን ስታዞር ሰማያዊው ቀለም ከሁለቱ ወገን መጥቶ ሳይገናኝ ቀረ። ከዳሱ ውስጥ የካሜራ ድምፅ ተሰማ። የተማሪዬ ካሜራ ግን ጭኗ ላይ ነበር። ወፏን ሳይሆን የምታየው ሰዎቹን ነበር፤ ማን እንዳየ፣ ማን እንዳላየ። አዛውንቷ ሐኪም በቅርንጫፍ ተከልላ እንደ ነበር አይታ በአንድ ጣቷ ቅርንጫፉን ዝቅ አደረገችላት። ወፏ ወደ ቀዳዳዋ ገባች፣ ወጣች፣ ሄደች። ባሏ መጣ። ባሏ መሆኑን በመንቁሩ ሥር ለይቼዋለሁ ልል ነበር፤ ማስታወሻዋ «ሁለተኛው፣ ወንድ ይሁን ሴት አልለየንም» ይላል።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ያ ሁለተኛው ወፍ ሥሩ ላይ፣ በፀሐይ ውስጥ፣ ማንም ፎቶ አንሺ በሕይወቱ አንድ ጊዜ በሚመኘው ሁኔታ ተቀምጦ ነበር። ተማሪዬ እጇን አነሣች። ስድስቱም ወደ ኃላፊው አዩ። እርሱ ዓይኑ ካሜራው ላይ፣ ጣቱ ማንሻው ላይ ነበር። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከሁሉ በፊት እርሱ ተነሣ።

ራቅ ብለን ከተቀመጥን በኋላ እርሳስ አደለች። ሁሉም ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊው የጻፈውን አሳየኝ። ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ አንገቱን ግን ስሎታል፣ ሁለቱን ጫፎች በትክክል ሳያገናኝ። በመምህርነት ዘመኔ ብዙ ፈተና አርሜያለሁና፣ ልማድ ሆኖብኝ በእርሳሴ «ትክክል» የምትለውን ምልክት አደረግኩበት።

በቡሬ ምሳ ስንበላ ከማዕዱ ሳይነሣ «የሚመጣው ዓመት ደግሞ በጥቅምት ይሻላል ወይስ በኅዳር?» ብሎ ጠየቃት።

«በጥቅምት መጨረሻ» አለችው። «በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ አይሆንም። ጎጆ ካለም ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። «መምህርስ ይመጣሉ?»

እርሷ ወደ እኔ ዞረች። «ሾላዎችን ያብራራሉ» አለች፤ በማዕዱ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሣቁ። እኔም ከእነርሱ ጋር ሣቅሁ። በመምህርነት ከተቀበልኳቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ይልቅ የዚያ ቀን ሣቅ ያኮራኛል፤ ምክንያቱን በሚገባ ማስረዳት ባልችልም።

ከሳምንት በኋላ ፊልሙን ከቆርቆሮ ሣጥኔ ፈልጌ ሰጠኋት። በትክክል አትማ፣ በመስታወት አስገብታ አመጣችልኝና በቀድሞው ቦታ ራሷ ሰቀለችው። የድሮውን ልትወስደው ስትል ከለከልኳት። በጀርባው ላይ በእርሳስ «ተገልብጦ የታተመ፤ ስሕተቱ የእኔ» ብዬ ጻፍኩና ከማስታወሻዎቼ ጋር አስቀመጥኩት። በመስክ ያስተማርኩት ስሕተት አይፋቅም፣ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል እያልኩ ነው።

አሁን መደርደሪያዬ ጋ ስቆም ቄሱ በቀኝ እጃቸው ይባርኩኛል፤ ገደሉ በግራ፣ ሾላው በቀኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ግን እስከ ዛሬ መስቀሉ በግራ እጃቸው ነው። ጅረቷ ወዴት እንደምትፈስ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ወደ ተማሪዬ ፎቶ ቤት እልከዋለሁ።